መቃን የያዘው አበባ

ሐጀራ እንደሆነች ማረፍ አታውቅም። ባሏ ሰላሁዲን በርበሬ በረንዳ ተቀምጦ በርበሬ ሲቸረችር፣ እሷ ከጀርባ ባለችው የኪራይ ቤት አልጋውን ከዚህ ግድግዳ ወደዚያ ግድግዳ ስትጎትት ትውላለች። ሰውዬው አምሽቶ ሲገባ አልጋውን በዳበሳ ነው የሚፈልገው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ጉራጌ አገር ደጃቸው ላይ የነበረው ዝግባ ለጣውላ ተሸጠና ወንድሟ በሽር አንዲት ቅርንጫፍ ጭኖላት መጣ። ቅርንጫፏ ላይ ያ ተክል አለ፤ ዛሬ የተማሩት ኦርኪድ የሚሉት፣ አፈር ሳይነካ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ብርድና ጤዛ የሚወድ። ነጭ አበባው ሲፈነዳ፣ ሲመሻሽ የአባቷን ግቢ በመዓዛው ይሞላው ነበር። ሐጀራ ቅርንጫፏን አቅፋ አለቀሰች።

«አንዴ፣ አንዴ ብቻ አብቦ ላሽተው፤ ሌላ ምንም አልፈልግ» አለች።

ታዲያ ዝም ብላ ትጠብቃለች? እሷ! ያደገችው እንሰት መሀል ነዋ። እንሰት ደግሞ ከዚህ ተነቅሎ እዚያ፣ ከዚያ ተነቅሎ ወዲያ ካልተተከለ አይወፍርም። ተክል ሁሉ እንደዚያ መሰላት። ከቅርንጫፉ አላቃ አፈር ውስጥ ከተተችው። ስሩ መበስበስ ሲጀምር ጣራ ላይ ሰቀለችው፣ ፀሐይ ሲለበልበው ወደ ውሃ ጉድጓዱ ጥላ ወሰደችው። የበርበሬ ብናኝ ሲያርፍበት ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግና ደግሞ ቦታውን ትቀይራለች። ባነሳችው ቁጥር ስሩ ቀጭ ይላል። እምቡጥ የሚባል ነገር ከየት ይምጣ!

በመጨረሻ ሰላሁዲን ደሙ ፈላ። ተክሉን ነጥቆ የበሩ መቃን ላይ ከውጭ በኩል በገመድ አሰረው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወላሂ ከእንግዲህ ብትነኪው አውጥቼ እጥለዋለሁ! እኛንም እንዲህ ብታንገላቺን አልቀን ነበር!»

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ውሃ ትረጭበትና እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ትመለሳለች። አለመንካቱ እንቅልፍ ነሳት። ሁለት ክረምት እንዲህ ስትብሰለሰል አለፈ። ስሩ ግን ገመዱን ትቶ እንጨቱን ጨምድዶ ያዘ፤ ጥቅምት ሲገባም እምቡጥ አወጣ።

ወዲያው የቤቱ ባለቤት እትዬ በለጥሻቸው መጡ። «ልጄን ልድር ነው። ቤቱን ለሙሽሮቹ ልቀቁልኝ» አሉ። ምን ይባላል? ቤቱ የሳቸው ነው።

ዕቃው ጋሪ ላይ ሲጫን ሰላሁዲን ቢላ ይዞ መቃኑ ጋ ቆመ። «ቀስ ብዬ ልላጥልሽ?» አላት። ሐጀራ እጁን ለቀም አደረገችው። ከተነቀለ እምቡጡ እንደሚረግፍ አሁን ገብቷታል።

«ተወው» አለች።

መሳለሚያ ሌላ የኪራይ ቤት ገቡ፤ የሐጀራ ልብ ግን አልገባም። ጨው አለቀብኝ፣ ጎረቤት ልጠይቅ እያለች በየጧቱ ውሃዋን በጣሳ ይዛ ትሄዳለች። ሙሽራይቱ ቦሰና ደግ ልጅ ናትና በሯን አልዘጋችባትም። እንዲያውም አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ራሷ እያለከለከች መሳለሚያ ድረስ መጣች።

«እትዬ ሐጀራ፣ ፈነዳ! ቶሎ ይምጡ!»

ሐጀራ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ሮጠች። ከደጁ ሳትደርስ መዓዛው ተቀበላት። መቃኑ ሥር ቆማ እንደ ሕፃን እያለቀሰች ሳቀች። አባቷ፣ ዝግባው፣ ግቢው፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ።

«የእርስዎ አይደል? ነቅለው ይውሰዱት እንጂ» አለቻት ቦሰና።

ሐጀራ እጇን ወደ ስሩ ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው።

«አይሆንም የኔ ልጅ» አለች። «እሱ ቤት አገኘ። ቤት ያጣነው እኛ ነን።»