ላልሞተች ሴት የሦስት ቀን ፈቃድ

«ሴትየዋ ሞታለች ወይስ አልሞተችም? እኔ የምጠይቀው ይህንን ብቻ ነው።»

«አልሞተችም አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ትናንት እኔ ነፍስ ይማር ያልኩት ለማን ነው?»

«ለቅጹ» አለች እትዬ።

ከጥግ አንዱ ሳቁን በሳል ለመሸፈን ሞከረ። ጋሼ ዞር ብለው ሲያዩት ሳሉን አቆመ። እኔ ኮምፒዩተሬ ፊት ተቀምጬ፣ ጀምሬ የተውኩት የውርስ አቤቱታ ላይ አፍጥጫለሁ። የሚጨቃጨቁት ስለ አክስቴ ነበር፤ ስለ እናቴ ብቸኛ እህት፣ ሰላሌ ጤፏን እያሳጨደች ስላለች ሴት።

«በቁም ያለ ሰው ላይ ነፍስ ይማር አስባላችሁኝ!» ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «በዚህ ዕድሜዬ! በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ ወጥቼ!»

«እኔ ውጡ አላልኩም።»

«አላልሽም። ጽፈሽ ነው የሰጠሽኝ።»

ቢሮአችን ልደታ ነው፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። አቤቱታ እንጽፋለን፣ ሰነድ እንተረጉማለን። ሠራተኞቹ አስራ አንድ ነን። ባለቤቱ ጋሼ ናቸው፤ ስልሳን አልፈዋል፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም፣ ሰዓት ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። እትዬ የአስተዳደር ሠራተኛዋ ናት፤ የፈቃድ ቅጽ የምትሞላው፣ ደብዳቤ የምታወጣው፣ ለታመመ የምትደውለው እሷ ናት። እኔ ኮምፒዩተር ላይ እጽፋለሁ። ግጥም መጻፍም የለመድኩት እዚያው ነው፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ባለጉዳዩ አጠገቤ ቆሞ በደሉን ሲናገር፣ ሃያ ዓመት የፈጀውን ነገር በአንድ ገጽ ማሳጠር ሥራዬ ስለነበር፣ የትኛው ቃል እንደሚቆይና የትኛው እንደሚወድቅ ከዚያ አወቅሁ። የራሴን ጉዳይ ግን ለጋሼ በአንድ ገጽም በአስር ገጽም ጽፌ ማስረዳት አልቻልኩም።

እናቴን ስትሮክ ከመታት ዓመት አልፎታል። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ትናገራለች፣ ግን ቃሎቿ እየተጎተቱ፣ ጫፋቸው እየተቆረጠ ነው የሚወጡት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኔና እሷ ብቻ ነን። ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። አገላብጣታለሁ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል አጥቤ ቫዝሊን እቀባታለሁ፣ ዳይፐሯን እቀይራለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ሳጥባት ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እኔም ጨፍኜ ነበር። አሁን ሁለታችንም አንጨፍንም። ይህ ሁሉ ቶሎ ያልቃል። የማያልቀው አጥሚቱ ነው። መዋጥ ስለሚያስቸግራት አንድ ኩባያ አጥሚት በማንኪያ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ካስቸኮልኳት ትን ይላታል፤ ትን ካላት ሳምባዋ ውስጥ ይገባል ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ በየቀኑ የማረፍደው በአንድ ኩባያ አጥሚት ምክንያት ነው።

ቢሮ የሚገባው ሁለት ሰዓት ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጋሼ የፊርማ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምራሉ። ከመስመሩ በታች ደጋግሞ የፈረመ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። አይፈረድባቸውም፤ ባለጉዳይ የሚመጣው ችሎት ከመግባቱ በፊት ነው። እትዬ መጀመሪያ አካባቢ መዝገቡን መሳቢያዋ ውስጥ እየደበቀች ታቆይልኝ ነበር። «ገጹ አልቆ አዲስ እያዘጋጀሁ ነው» ትላቸዋለች። ገጹ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሲያልቅ ጋሼ ነቁ። ከዚያ ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው፤ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አርፍዶ እንዲገባ ይፍቀዱለት፣ በምሳ ሰዓትና ከሥራ በኋላ ያካክሳል አለቻቸው።

«እህት የለውም?» አሉ ጋሼ።

«የለውም።»

«ዕድሜው ደርሷል፣ ያግባ።»

«አስታማሚ ፍለጋ ነው የሚያገባው?»

«ለእሱ ከሰጠሁ ለአስራ አንዳችሁም ልሰጥ ነው። እናት የሌለው ማን አለ?»

ስድስት ወር ሙሉ አንዴ በቀልድ፣ አንዴ በቁም ነገር ለመነቻቸው። ለምን እንደምትለፋልኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠየቅኳት። «አማቴን አራት ዓመት አስታምሜያለሁ» አለችኝ። «የሰባት ዓመት ሥራዬን ያጣሁት ያኔ ነው። አንድ ሰው እንኳን አልጠየቀልኝም።» ከዚያ በላይ ነግራኝ አታውቅም።

ኋላ ሆስፒታሉ ለእናቴ የፊዚዮቴራፒ ተራ ሰጣት፤ ሦስት ቀን በተከታታይ። ካመለጣት ወረፋው እንደገና ከመጨረሻው ይጀምራል። የዓመት ፈቃዴን ጨርሻለሁ። እትዬ ቅጹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሕመም፣ ጋብቻ፣ ወሊድ፣ ሐዘን ይላል፤ ከእያንዳንዱ ፊት ትንሽ ሳጥን አለ።

«ማስታመም የሚል የለም?»

«ለሞተ ሦስት ቀን ይሰጣል። ላልሞተ ሳጥን የለውም።» እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። «ክፍለ ሀገር ዘመድ አለህ?»

«እናቴ እህት አለቻት። ሰላሌ።»

ስሟን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እትዬ አላስገደደችኝም። ለቅሶው ሩቅ ስለሆነ፣ የሰላሌ መንገድም በጸጥታ ችግር ስለተዘጋ ማንም አይመጣም ብለን ተማመንን። ሐዘን የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገችበት።

ያልገመትነው የጋሼን ደግነት ነው። ኋላ እንደሰማሁት ሠራተኛውን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ «ለቅሶው ሰላሌ ነው፤ እናትየው ግን አልጋ ላይ ናት፣ ሰላሌ መሄድ አትችልም። እህቷን እቤቷ ተኝታ ነው የምታለቅሰው። እሷን ማን ያጽናናት?» እትዬ የዚያን ቀን ከሰዓት ለሥራ ወጥታ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ነው። ከሆስፒታል ተመልሰናል፤ እኔና አንድ ተሸካሚ በወንበር አድርገን አራት ፎቅ አውጥተናታል። እናቴ ደክሟት ነበር፣ ግን ደስ ብሏታል። የቀኝ እጇን አውራ ጣት አንቀሳቅሳ ሐኪሙ «ጎበዝ» ብሏታል። ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። መታጠቢያ ቤት አንሶላ እያጠብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። እጄ አረፋ እንደሆነ ከፈትኩ።

ጋሼ ጋቢ ደርበው ቆመዋል። ከኋላቸው ስድስት ባልደረቦቼ አሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ የታሸገ ውሃ ተሸክመዋል። ጋሼ ቁና ቁና እየተነፈሱ አቀፉኝ። «አይዞህ» አሉኝ። «አይዞህ፣ የኔ ልጅ።»

ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ በሩ ሲከፈት አልጋው ይታያል። እናቴ ነጠላዎቹን አየች።

«ማን?» አለች።

ጋሼ ወደ አልጋው ሄደው ጎንበስ አሉና ደኅናውን እጇን ያዙ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት። እህትዎን ነፍስ ይማር።»

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እማዬ፣ ውሸት ነው፣ ማለት ብቻ። ጋሼን አየኋቸው። ይህ ሥራ ከቀረብኝ ሌላ እንደሌለኝ አሰብኩ። ዝም አልኩ። እናቴ አለቀሰች። የምታለቅሰው በግማሽ ፊቷ ነው፤ ግማሹ ዝም ብሎ ያያል። የእህቷን ስም ትጠራለች፣ ስሙ ግን ሳይሞላ ይቀርባታል። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። እኔም እንደ ሐዘንተኛ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። የሳሙናው አረፋ እጄ ላይ ደረቀ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ልቅሶውን ሰምታ የፊት ለፊት ጎረቤታችን እየሮጠች ገባች። ሥራ ስሄድ ቀን ቀን እናቴን ብቅ እያለች የምታይልኝ እሷ ናት፤ አክስቴም የምትደውለው በእሷ ስልክ ነው።

«ማን ሞተ?»

አንዷ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ኧረ በስመአብ! ዛሬ ጠዋት አውርቻታለሁ እኮ! ጤፍ እያሳጨደች ነው!»

ልቅሶው በአንዴ ቀጥ አለ። ጋሼ አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አንዱ ደረጃው ላይ «ጀለስ፣ ትንሣኤ ሙታንን በዓይናችን አየን» ሲል ሰማሁት። የሳቀለት የለም። ውሃውን ትተውልን ሄዱ።

«እማዬ፣ አልሞተችም» አልኳት።

አላመነችኝም። እንዴት ትመነኝ? እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚደረገው፤ መርዶው እስኪነገር «ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ይባላል። ወንድሟ የሞተ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ደብቀናታል። «አሁን አናገርኩት» እያልኩ ዓይን ዓይኗን እያየሁ የዋሸኋት እኔው ነበርኩ። ጎረቤታችን ሰላሌ ደወለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። አክስቴ ከወዲያ «እህቴ! አለሁ እኮ! ድምፄ ጠፋብሽ?» እያለች ጮኸች። መስመሩ ይቆራረጣል። እናቴ ትንሽ አዳመጠችና ፊቷን አዞረች።

«ልጇ ናት» አለች። «ድምፃቸው አንድ ነው።»

«ራሷ ናት፣ እማዬ!»

«አንተም አንገትህን ደፍተህ አይቼሃለሁ።»

አክስቴ መንገዱ ሲከፈት መጥቼ አያታለሁ አለች። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ይህን ስጽፍም አልተከፈተም። እናቴም አውራ ጣቷን ዳግመኛ አላሳየችኝም።

በማግስቱ ጠዋት አጥሚቱን አልዋጠችም። በማንኪያ ስሰጣት በአፏ ጥግ ይወርዳል። ሐዘን ተቀምጣለች። ኩባያው ሙሉ እንደሆነ ትቼው ወጣሁ፤ ስለዚህ ከስንት ወር በኋላ ከቀዩ መስመር በላይ ፈረምኩ። ጭቅጭቁ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ጋሼ ቅጹን ከፍ አድርገው ያዙት። «ይህን የማን እጅ ነው የጻፈው?»

«ጽሕፈቴን ያውቁታል» አለች እትዬ።

«የሴትየዋን ስምስ ማን ነገረሽ?»

እትዬ ወደ እኔ አላየችም። «ከራሴ ነው። ዘመዶቹን አውቃቸዋለሁ።»

ስሟን የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። ኮምፒዩተሬ ላይ ያለውን መስመር እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።

ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ። ቁጣቸው እየበረደ ነበር፤ ቂም አያውቁም። «ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማንንም ማባረር አልፈልግም። ልጁ ይቀጥላል፤ እንደ ማንኛውም ሰው ሁለት ሰዓት ገብቶ ይፈርማል። አንቺ ደግሞ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

«ሁለት ሰዓት ከገባ እናቱን ማን ያበላል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እኔ ያለኝ ቢሮ ነው።»

«ይቅርታ ልጠይቅ የሚገባኝ እናትየውን ነው» አለች እትዬ። «ቢሆንም ለእርስዎም እጽፋለሁ፣ እንዳሉት። እርስዎ ግን የጠዋቱን የአንድ ሰዓት ተኩል ፈቃድ ይፈርሙለት።»

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው እኔም እዚህ አልሠራም።»

አቤቱታ ሊያስጽፍ የመጣ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ተይ እስቲ፣ ተቀመጪ» አሉ ጋሼ።

ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞረችው። «አንተስ? ምን ትላለህ?»

የተቆጣ ድምፅ አልነበረም። የምትጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ ሁለት ሰዓት መድረስ አልችልም እንድል። ሁለታችንም እንሄዳለን ብንል ጋሼ ምናልባት ይፈርሙ ነበር። ይህን ኋላ አይደለም ያሰብኩት፤ ያኔውኑ አስቤዋለሁ።

«ሁለት ሰዓት እገባለሁ፣ ጋሼ» አልኩ።

«እንዴት አድርገህ?» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

የውርስ አቤቱታውን መጻፍ ቀጠልኩ።

የመሳቢያዋን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈልቅቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቢሮ ውስጥ የምታደርገውን ነጠላ ጫማ አውልቃ በፌስታል ጠቀለለችው፣ የውጭ ጫማዋን አጠለቀች። የጫማው ማሰሪያ አልገባ ብሏት ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቦርሳዋን አንግታ በጠረጴዛዎቹ መሃል ስታልፍ እኔ አጠገብ ቆም አለች።

«እናትህን ሳምልኝ» አለችኝ።

ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።