ሁለተኛው ጥያቄ

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ሐሙስ ነበር። እህቴ ረቡዕ ወልዳ ሆሳዕና በሚገኝ ሆስፒታል የወላዶች ክፍል ተኝታለች። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ስለሆነ ከጊምቢቹ ያመጣናት እኔና እናታችን ነን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ አማርኛ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የኔ ሥራ ነበር። እናቴ ከገበያና ከሰላምታ አማርኛ አታልፍም።

ጠዋት እህቴ ልጁን አሳቀፈችኝ። አያያዜን አይታ፣ «ቆጮ ነው እንዴ የተሸከምከው?» አለችኝ። ሳቅን።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ራሴን አመመኝ አለች። ዓይኗም ብዥ ይልባት ነበር። የቀኗ ነርስ የሀዲያ ልጅ ናት፤ በሀዲይኛ ነገርናት። ጠዋት ስትለካት የደም ግፊቷ ደህና እንደነበር፣ አሁን ግን እንደገና መታየት እንዳለበት ነገረችን። መለኪያው ማዋለጃ ክፍል ነበር። ልታመጣው ስትሄድ ሌላ ሴት ምጥ ጠናባትና እዚያው ቀረች። በኋላ ብቅ ብላ፣ ለማታዋ ተረኛ እነግራታለሁ አለችን።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ርክክብ ነው። በዚያ ሰዓት ጥበቃው አስታማሚዎችን ያስወጣል፤ ከየአልጋው አንድ ትልቅ ሴት ብቻ ትቀራለች። ከኛ የቀረችው እናቴ ናት። እኔ ግቢው ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ቆምኩ። እንቅልፍ አጥቼ ስለነበር አንድ ባለሱቅ፣ «አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» ብሎ ቀለደብኝ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። የማታዋ ነርስ የዱራሜ ልጅ ናት፤ ሀዲይኛ አትችልም። ሁለቱ የሚረካከቡት በአማርኛ ነው። የቀኗ ነርስ ራስ ምታቱን ነግራታለች፤ አልዘነጋችም። የማታዋ ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ እንዴት ናት?» አለች።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናቴ።

እኛ ዘንድ እንዴት ናችሁ ላለ ሰው መጀመሪያ ደህና ነን ይባላል። ሕመም የሚወራው ሰውየው አረፍ ብሎ ደግሞ ሲጠይቅ ነው። እናቴ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ነርሷ ግን ራስ ምታቱ የለቀቃት መስሏት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ርክክቡ አልቆ ስገባ እናቴ፣ ነርሷ ጠይቃናለች፣ ጨዋ ልጅ ናት አለችኝ። ተለካች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አልተለካችም። ነርሷን ልጠራ ስነሳ እህቴ ከለከለችኝ።

«ብቻዋን ናት፣ አታስቸግራት። ትመጣለች።»

ተቀመጥኩ። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልችልም። ተቀመጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ እህቴን አንቀጠቀጣት። ሁሉም ሮጡ፤ የማታዋ ነርስ ከሁሉም በላይ ሮጣለች። አልተረፈችም። ልጁ አለ።

ሲነጋ ዘመዶች አስከሬኑን፣ እናቴንና ልጁን ይዘው ወጡ። እኔ የሞት ወረቀቱን ለመቀበል ቀረሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱ ነርሶች ደግሞ ርክክብ ጀመሩ። ጥበቃው አየኝ፤ ውጣ አላለኝም። እኛ አልጋ ጋ ሲደርሱ የማታዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አርፋለች» አለች።

«ሲስተር፣» አልኳት፣ «እናቴ ደህና ናት ያለችሽ ለሰላምታሽ ነው። ለራስ ምታቱ አይደለም።»

ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፣ «አንተስ የት ነበርክ?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«መጀመሪያ ውጭ። በኋላ እዚሁ» አልኳት።

የቀኗ ነርስ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቆየች። ሥራ ስለነበረባቸው አለፉ። እኔም ብርድ ልብሳችንን አጠፍኩ። ከጎናችን የተኛችውን ሴት የሚያስታምሙ አክስቷ ነበሩ። ጠጋ ብዬ በሀዲይኛ፣ ነርሶቹ ሲጠይቁ ደህና ናት አይበሉ፣ ያለውን ይናገሩ አልኳቸው።

«ምን ልበል ታዲያ፣ ልጄ? ደህና ናት እኮ።»

ሴትዮዋን አየኋት። ገንፎ እየበላች ነበር። ራስሽን ያምሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ አያመኝም አለች። ዓይንሽስ አልኳት፤ ደህና ነው አለች። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።