ከጎማው ሥር የሸጎጥኩት ድንጋይ

ሐዲዱ በሽንኩርት ማሳችን ጥግ ከተዘረጋ ዓመታት ቢያልፉም ባቡር ሲያልፍበት አይተን አናውቅም ነበር። ማሾ እናሰጣበታለን፤ ፍየሎች ይተኙበታል። ሽንኩርት ሲደርስ ደግሞ መኪና የምንጭነው መንገዱ ሐዲዱን በሚያልፍበት ማቋረጫ ላይ ነው። የሸዋ ሮቢት ጥቁር አፈር ውሃ ከጠጣ ጎማ ይውጣል፤ መኪና የሚሸከም ጠንካራ ቦታ እሱ ብቻ ነው። ተው ያለን ሰው አልነበረም።

ሽንኩርቴን የሚጭኑልኝ ሾፌር ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደጉ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ ሰው ነበሩ። ማቋረጫው ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይቆማሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ግራ ቀኙን ያያሉ፤ ሞተር አጥፍተው ያዳምጣሉ። እኛ እንስቅባቸዋለን። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ አፌ አያርፍም።

ያን ቀን ጠዋት መኪናውን ከሐዲዱ ራቅ አድርገው አቆሙና እዚህ ጫኑ አሉ። ጫኞቹ ያን ሁሉ መንገድ ጆንያ አንሸከምም ብለው አጉረመረሙ። እኔም በሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ የሌለ ባቡር ፈርተው ነው?» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም መኪናውን አስነስተው ማቋረጫው ላይ ወጡ። የእጅ ፍሬናቸው የላላ ስለነበር ከኋላ ጎማው ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ ሸጎጥኩ። ጭነት ሲበዛበት ድንጋዩ ጎማው ሥር ተቀረቀረ።

ልንጨርስ ጥቂት ጆንያ ሲቀረን ጠጠር የጫነ ባቡር ከጀውሃ በኩል መጣ። ጡሩምባውን ያለማቋረጥ ይነፋል፤ ፍሬን ይዞ ብረቱ ያፏጫል፤ ግን አይቆምም። ጫኞቹ ከላይ ዘለው ተበተኑ። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ሞተሩን አስነሱ፤ መኪናው ተንፈራገጠ፤ አልነቃነቅ አለ። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው አዩኝ።

«ልጄ፣ ድንጋዩን አንሳልኝ» አሉኝ።

አልጮሁም። ከድንጋዩ የምርቀው ቢበዛ አምስት እርምጃ ነበር። ወደ ማሳው ሮጥኩ። ቦዩ ውስጥ ወድቄ ፊቴን ጭቃ ውስጥ ቀበርኩ፤ ድምፁን የሰማሁት እንደዚያ ሆኜ ነው። ቀና ስል መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ሽንኩርቱ በጠጠሩ ላይ ተበትኗል። ባቡሩ መኪናውን እየገፋ ወንዙ ላይ እስካለው ድልድይ ወስዶታል።

ሾፌሩ ከጋቢናው መውረድ ይችሉ ነበር። ያልወረዱት ድንጋዩን አነሳለሁ ብለው ስላመኑኝ ነው። ወላሂ፣ ከሞታቸው ይልቅ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ፈሪ ነኝ፤ ፈሪነቴን ደግሞ በሳቅ ሸፍኜ ስኖር እሳቸውን ፈሪ አልኳቸው።

ለቅሶ ስሄድ ባለቤታቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መጨረሻ ላይ ለሾፌሩ ቅርብ የነበርኩት እኔ መሆኔን ሰው ነግሯቸዋል። እጄን ያዙና፣ «በመጨረሻ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም አላሉም፣ እትዬ» አልኳቸው።