የምናገባህ ሥልጠና

ቡራዩ ስገባ ውሻ ሰጡኝ፤ ስሙ ምናገባህ ነው። የድሮ ጌታው ጎረቤቱን የሚሰድበው በውሻው ስም ነበር አሉ።

ምናገባህ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይጮህበታል። እኔ ደግሞ በቴሌቪዥን አንድ የውሻ አሰልጣኝ አይቻለሁ። ሰውየው የውሻውን አንገት በገመድ ሳብ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ስሙን ቆጣ ብሎ ይጠራዋል። ማስታወቂያ ገብቶ እስኪወጣ ውሻው በግ ይሆናል።

በማግስቱ ግቢዬ ውስጥ ጀመርኩ። ገመዱን ስስበው ጭራሽ ጥርሱን አሳየኝ፤ ባሰብኝና ጠበቅ አደረግኩት። ይሄኔ ጎረቤቴ ኦቦ ደገፋ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ምን አድርጎህ ነው የምታንቀው?»

በትምህርቱ መሠረት ከውሻው ላይ ዓይን መንቀል ክልክል ነው። እንዳፈጠጥኩ፣ ቆጣ ብዬ «ምናገባህ!» አልኩ።

ዞር ስል ኦቦ ደገፋ የሉም። ቤታቸው ሄጄ «የውሻው ስም ነው» ብዬ ብምልም፣ «ቢያንስ ምናገባዎት አይባልም?» አሉኝ።

በሳምንቱ እሳቸውም ቡችላ አመጡ። ሌላውን ሁሉ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ ስሙን ግን እኔ እንድሰማ በአማርኛ አወጡለት። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ በኦሮምኛ «ና» እያሉ ሲጠሩት ነው የምነቃው፦

«ኮቱ፣ ራስህን አሰልጥን፣ ኮቱ።»