ደሓን ያሉትን ደህና አልኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ ለኪዳነም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ከአማቴ ጋር መኮራረፌን፣ ጎረቤት ማማቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህች ጋ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። እሳቸው «ሌላስ?» ይሉኛል። እኔም «ይኸው ነው አባቴ» እላለሁ። ይኸው ብቻ አልነበረም። አንዲት ቃል አለች። እኔ ያቺን ቃል እያወቅኩ አጣምሜ ተረጎምኩና የሰው ውሃ እንዲበላሽ አደረግኩ። ሌላ ሰው አልነበረበትም፤ እኔ ነኝ።

ቃሏን እንድታውቋት ከሙሽርነቴ ልጀምር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። መቐለ የመጣሁት ኮሌጅ ለማስተማር ተመድቤ ነው፤ ኪዳነን አግብቼ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ቀረሁ። ገና ከመግባቴ አማቴ ስዋ፣ ማለትም ጠላ፣ የሚጠምቁበትን ጋን ሰበርኩባቸው። እሳቸው ስባሪውን አየት አድርገው «ደሓን» አሉኝ። ደህና ነው፣ ምንም አይደለም ያሉኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ፤ ጭራሽ ሻይም አፈላሁ። ኪዳነ ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። «እናቴ ደሓን ካለችሽ ተቃጥላለች ማለት ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ደሓን ሰላምታ ላይ ሲሆን ደህና ነው። የተጎዳ ሰው ሲለው ግን «ምን ይደረግ፣ ይሁን፣ ችዬዋለሁ» ነው። አማቴን ለማስታረቅ ሳምንት ሙሉ ስሽቆጠቆጥ ከረምኩ። እሳቸውም ከታረቁኝ በኋላ፣ ሓ የምትለዋን ድምፅ ከጉሮሮዬ በትክክል እስካወጣት ድረስ ቃሏን እያስደገሙ ይስቁብኝ ነበር። እንግዲህ አላወቅኩም ነበር እንዳልል ይህ አለ። ቃሏን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬባት ነው።

ነገሩ የሆነው የሚሌኒየሙ በዓል ከመምጣቱ በፊት ነው። ከከተማው ጫፍ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ፋብሪካው ለማስፋፊያ ከባንክ ብድር ጠይቆ፣ ባንኩ ደግሞ መጀመሪያ ለሰውና ለአካባቢው ያለው ኃላፊነት ይለካ ብሎ ነበር። ለመለካት ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር መጣ። ትግርኛ ስለማያውቅ ከኮሌጃችን አስተርጓሚም ረዳትም የሚሆነው ሰው ፈለገ። እኔ እጄን አወጣሁ። «ትግርኛዬ እንደ አገሩ ሰው ነው» አልኩት። ጉራዬም ሳይቀር ተቀጠረ ማለት ነው።

ኃላፊነት በምን ይለካል? ዶክተሩ ሦስት ነገር ያይ ነበር፤ ድርጅቱ ሠራተኞቹን እንዴት እንደያዘ፣ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉ፣ ውሃውንና አፈሩን ምን እንዳደረገው። አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነበር። ጎረቤት አቤቱታ ካሰማ ውሃው ተቀድቶ ለምርመራ ይላካል፤ ውጤቱ እስኪመጣም ጥናቱ አይዘጋም። ጎረቤት ችግር የለም ካለ ግን የውሃው ጉዳይ በዚያው ያልፋል። ያ ሁሉ መለኪያ በስተመጨረሻ በጎረቤት አፍ ላይ ነበር የተንጠለጠለው። የጎረቤት አፍ ደግሞ በእኔ አፍ ላይ።

ፋብሪካውን ወድጄው ነበር፤ ይህን አልደብቅም። የሕፃናት ማቆያ ነበረው፤ እናቶች በእረፍት ሰዓት ወጥተው ጡት ያጠቡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለዘበኛውም ለጽዳት ሠራተኛዋም በስማቸው እየጠራ ሰላምታ የሚሰጥ ረጋ ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ አካባቢውን ይጎዳል ብሎ ማሰብ ከበደኝ። ወይስ ማሰብ አልፈለግኩም? ከዚያ ስንወጣ ዶክተሩ መኪና ውስጥ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አለኝ። የሚቀጥለውን ጥናት ሐዋሳ እንደሚሠራና እኔን ይዞ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ትልቅ ሴት፣ የልጆች እናት፣ በአንድ ምስጋና ከረሜላ እንደተሰጠው ልጅ ሆንኩ።

የመጀመሪያው የጎረቤት ቤት የኣደይ ለተይ፣ በእኛ አባባል የእማማ ለተይ፣ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከፋብሪካው አጥር ሥር ቆስጣና ሰላጣ እያለሙ ከተማ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ከተማው ከዓይናለም የሚመጣውን ውሃ በቧንቧ ሲጠጣ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ቧንቧ አልደረሰም ነበርና እሳቸውም አትክልቱም ላሚቱም የሚኖሩት በግቢያቸው ጉድጓድ ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ የሚሄድበት ቦይ በጉድጓዱ አጠገብ ያልፋል። እሳቸው እኛን ሲያዩ ተነሥተው፣ አቧራ ለብሳችሁ መጣችሁ ብለው በጣሳ ውሃ እጃችንን አስታጠቡን። ዶክተሩ እጁን አራግፎ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እኔ ግን ደንግጬ ቀረሁ። ሳሙና ሳልነካ እጄ ሙልጭልጭ ብሎ ነበር።

በቀሚሴ ጠረግኩት።

ከዚያ ኣደይ ለተይ ስዋ ባለማቅረባቸው ይቅርታ ጠየቁ። «ስዋው እምቢ ብሎኛል ጓለይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ብጠምቀው ብጠምቀው ጣዕሙ አልመጣልኝ አለ ማለታቸውም ነው። በምን ውሃ እንደሚጠምቁት አሁን በእጄ ነክቼዋለሁ። ይህን ለዶክተሩ አልተረጎምኩለትም። እሱም አልጠየቀኝም። እንግዲህ ስሰርቅ የመጀመሪያዬ ይቺ ናት፤ ትንሽ ስለነበረች አልታወቀችኝም።

ዶክተሩ «ከፋብሪካው በሚወጣው ፍሳሽ የደረሰባቸው ችግር እንዳለ ጠይቂያቸው» አለኝ። ጥያቄውን በትክክል ተረጎምኩት። የፋብሪካው ዘበኛ መንገድ ሊያሳየን አብሮን መጥቶ አጥሩ ጋ ቆሟል፤ የኣደይ ለተይ እህት ልጅ ነው፣ እንጀራው እዚያ ነው። እሳቸው ወደ እሱ አዩ። ወደ ቦዩ አዩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «ደሓን» አሉ። ደግሞም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔ ብቻ ጨመሩ፤ «እንታይ ክንብል ኢና፧ ደሓን።» ምን እንላለን፣ ይሁን እንጂ ነው ያሉት። ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው ያሉት።

«ምን አሉ?» አለ ዶክተሩ። የአውሮፕላኑ ሰዓት እየቀረበበት ነበር።

«ደህና ነው፣ ምንም ችግር የለም ይላሉ።»

አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ያቺን ሓ ዋጥኩና ቃሏን አለስልሼ ሰጠሁት። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስክሪብቶውን ይዞ ቀና ብሎ «እርግጠኛ ነሽ? ረዘም ያለ ነገር ያሉ መሰለኝ» አለኝ። በሩን ከፍቶልኝ ነበር። እኔ ነኝ መልሼ የዘጋሁት። «ደጋግመው ያሉት ደህና ነው ነው» አልኩት። ጻፈ። ቀጥለን በገባንባቸው ቤቶችም ያችው ቃል መጣች፤ እኔም ያንኑ ደገምኩ። አንዴ ደህና ካልኩ በኋላ በሌላ ቤት ምን ልበላት?

ለምን አደረግኩት? ማንም አላስፈራራኝም። ማንም ምንም አልሰጠኝም። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። አስፈራርተውኝ ቢሆን ዛሬ የምደበቅበት ጥግ ነበረኝ። እኔ ያደረግኩት የዶክተሩ ፊት ደህና የሚለውን መስማት እንደሚፈልግ ስላየሁ ነው። ምርመራ ከተባለ ጉዞው ይሰናከላል፣ ጥናቱ ይጓተታል፣ እኔም አስቸጋሪ ሴት እሆናለሁ። እንዲወደኝ ፈለግኩ። ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚተልቅ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ሐዋሳም ደግሞ አልወሰደኝም።

ፋብሪካው በጥሩ ውጤት አለፈ። ውጤቱ በተነገረ ዕለት አዳራሽ ውስጥ አጨበጨቡልን፤ ለእኔም የምስጋና ወረቀትና ጋቢ ሰጡኝ። ጋቢውን ኪዳነ እስኪያልቅ ለበሰው። ባንኩ አበደረ፣ ፋብሪካው ሰፋ፣ ቦዩም ከድሮው ይልቅ ሞልቶ ይሄድ ጀመር። በዚህ አላበቃሁም። ያንን ጥናት ክፍል ይዤ ገብቼ ለተማሪዎቼ የመልካም ድርጅት ምሳሌ አድርጌ አስተማርኩት። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ጎረቤቶቹን ማን ነው ያነጋገራቸው?» አለችኝ። «እኔ ራሴ» አልኳት። ኮራ ብዬ። ልጅቱም አምናኝ ጻፈች።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በለስ በሚደርስበት ክረምት፣ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ከበስተኋላዬ «ጓለይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ኣደይ ለተይ ናቸው። መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከፊታቸው በሳፋ የበለስ ክምር አለ፣ በቢላ እየላጡ ለመንገደኛ ይሸጣሉ። እኔን እንዴት እንዳስታወሱኝ እንጃ። እኔ ግን ገና ሳያቸው እጄ ሙልጭልጭ ያለ መሰለኝ።

ያሉኝን በአማርኛ ልንገራችሁ፤ በዚህኛው እንኳ እመኑኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ቀጥለው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ አትክልቱ መቃጠሉን፣ ላሚቱ ጨንግፋ እሷም እንዳልሰነበተች፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ደፍነው ከተማ ክራይ ቤት መግባታቸውን ነገሩኝ። በለሱን ከሩቅ ከሚያመጡ ነጋዴዎች እየተረከቡ ነው የሚሸጡት። አንዲት ምሬት ከአፋቸው አልወጣችም። እግሬ ሥር ያለውን ልጣጭ እያየሁ ቆምኩ። «ኣደይ፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ። ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር።

እሳቸው ግን ቀደሙኝ። «አውቃለሁ» አሉኝ። «አንቺማ ገብቶሽ ነበር። ዓይንሽን አይቼ ነው የነገርኩሽ። አንቺ ነግረሻቸዋል፤ እነሱ አልሰሙሽም። ምን ታደርጊ?» የተላጠ በለስ በእጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ኣጆኺ» አሉኝ። አይዞሽ። እኔን ነው አይዞሽ ያሉት።

ለካስ ያን ሁሉ ዓመት በእኔ ላይ ቂም አልያዙም፤ ወገናቸው ነበርኩ። ማንም ባይሰማኝ አንዲት ሴት ሰምታኝ ነበር ብለው ይኖሩ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። አይ ኣደይ፣ እኔ ነኝ ደህና ነው ያልኩብዎት፣ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጠፍታኝ ነው? አልጠፋችኝም። ታክሲው መጣ፣ ገባሁ። ውሃቸውን ያስወሰድኩባቸው ሳያንስ ማጽናኛቸውንም ተቀብዬ ሄድኩ። በለሱንም በላሁት።

ከዚያ ወዲህ በለስ በደረሰ ቁጥር እዚያው ናቸው። ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ ዘንድሮም አይቻቸዋለሁ። መንገድ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ በሮማናት በኩል ማለፍ ትቼ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ኪዳነ ለእግሬ ጤና ብዬ የምንሸራሸር ይመስለዋል።

ድርጅት መለካት አስተምራለሁ፤ ደመወዜን የምበላበት ሥራ እሱ ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ፊት ቆሜ፣ ኃላፊነት ማለት የተጎዳውን ሰው መስማት ነው እላለሁ። እኔ ሰምቻለሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ካልሰሙት ሁሉ በላይ በደለኛዋ እኔ የሆንኩትም ለዚህ ነው። ዶክተሩ አልሰማም፣ ባንኩ አልሰማም፣ ምናልባት ሥራ አስኪያጁም አልሰማም። እኔ ሰምቼ ነው።

አሁን ይህን ጻፍኩ፤ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። ጨርሼ መልሼ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ኣደይ ለተይ አማርኛ አያነቡም፤ ቢነበብላቸውም አይገባቸውም። ያን ቀን የበደልኳቸው እሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ነበር፤ ይኸው የምናዘዘውም እሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ሆነ። እንግዲህ እናንተ ያነበባችሁ፣ አዝናችሁልኝ ደህና ነው እንዳትሉኝ። ደሓንም አትበሉኝ፤ እሷን የማለት መብት የእናንተ አይደለም። ይቅርታ የምጠይቀው ሮማናት ሄጄ፣ በርጩማው ፊት ቆሜ፣ በትግርኛ ነው።