አራቱ እጄ ላይ ስድስት ሲሆን

የልጅ ልጄ «ፓንክ ልንጀምር ነው» ስትለኝ ባንክ የገባች መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ አቦከር ሰፈር ያሉትን ጎረቤቶቼን በሙሉ አዳረስኩ። አንዷማ የልጇን የትምህርት ማስረጃ ይዛ «እባክዎ ለእሷም አንድ ነገር ይበሉልኝ» ብላ መጣች፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ከግቢያችን ዕቃ ቤት ቆርቆሮ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ወጣ። በሩን ብከፍት የልጅ ልጄ ማይክራፎን ጨብጣ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ትጮሃለች። ማስረጃውን ሄጄ መለስኩ። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይኗ አታየኝም።

ፓንክ ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ሦስት ኮርድ፣ ብዙ ጩኸትና ቶሎ ማለቅ ነው። ቶሎ ማለቁን ወደድኩለት። ያኔ ቡድኑ ሦስት ሰው ነበር። የልጅ ልጄ ትዘፍናለች፤ ስልክ የሚጠግን ጓደኛዋ ጊታር ይመታል፤ ድራሙን የያዘው ደግሞ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ የሚሰፋ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ ስለሚውል እግሩ አይሳሳትም።

ከዘፈኖቿ መካከል ግን በጩኸት የማይሆን አንድ ነበራት። ስለ እናቷ ነው። እናቷ የእኔ ልጅ ናት። ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ትደውል ነበር፤ ካለፈው ጥምቀት ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ያልጠየቅነው ደላላ፣ ያልቆምንበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ የልጅ ልጄ አንድ ነገር አሰበች። እናቷ ስትደውል የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ዘፈን ታደርጋቸዋለች። ዘፈኑ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት ሲዘፈን ይቀረጻል። መጨረሻው ላይ የእናቷ ስምና የሄደችበት ከተማ ይጠራል። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ እየዞረ እዚያ አገር ላሉ ሴቶች ይደርሳል፤ ከእነሱም አንዷ «ይቺን ሰው አውቃታለሁ» ትላለች። ሌላ መንገድ አልቀረንም ነበር።

ለዚህ ደግሞ ቃሉ መሰማት አለበት። ስለዚህ ፓንኩን ከሌላ ሙዚቃ ጋር ያቀላቅሉት ጀመር። ጥያቄዎቹ በራፕ ይባላሉ፤ ከሥራቸው ቃሉን የማይሸፍን የፋንክ ቤዝ ጊታር ይሄዳል፤ ሰው ተሰላችቶ እንዳይወጣ ድራሙ የጭፈራ ምት ይይዛል፤ ጩኸቱ የእናቷ ስም እስኪጠራ ድረስ ይቆያል። ልብስ ሰፊው ፓ ማለት ስለማይሆንለት «እንግዲህ ባንኩን ከፋንኩ ጋር እንሰፋዋለን ኢንሻአላህ» አለ። የጎደለው ቤዝ የሚመታ ሰው ብቻ ነበር።

ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ አለሁ» አልኩ። በወጣትነቴ እዚሁ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ በሚጫወት ባንድ ቤዝ መትቻለሁ። ያኔ ሱሪዬም ከታች፣ ፀጉሬም ከላይ ሰፊ ነበር፤ ዛሬ ሰፊ ሆኖ የቀረው አፌ ብቻ ነው። ፋንክን ከሸክላ እየሰማን ሠርተነዋል። «ፋንክ ማለት እኔ ነኝ» ስል የልጅ ልጄ ጓደኞቿን አየቻቸው፤ እነሱም መሬት መሬት አዩ። አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ልምምዱ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ገና ዘፈኑ እንደሞቀ ልብስ ሰፊው ይቆምና «ይቅርታ አባባ፣ የድራሙ ሲምባል ብሎን ላላብኝ» ይላል። አጥብቆ እንደገና እንጀምራለን። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ብሎኑ ደግሞ ይላላል። እጅግ አሳዘነኝ። አንድ ቀን ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ በእያንዳንዱ ቁጥር ብሎን ለቅሜ በፌስታል አመጣሁለት። ተቀብሎኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ አለኝ። ያን ያህል ብሎን የተቸገረ ሰው አይቼ አላውቅም።

የፕሮግራሙ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ጥቁር ኮት ለበስኩ። የልጅ ልጄ ከመድረክ ጀርባ አንገትጌዬን እያስተካከለች «አባባ፣ ቃሉን አይሸፍኑብኝ፤ እሱን ብቻ ነው የምለምንዎ» አለችኝ። ለዚህማ አታስቢ አልኳት።

ጀመርን። ድራሙ አራት አራት እየቆጠረ ገባ፤ እኔም ገባሁ፤ እሷም ጥያቄዎቹን ጀመረች። ውሃ መጣ? በረዶው ቆርቆሮውን አልበሳም? አባባ ክኒናቸውን ዋጡ ወይስ ትራስ ሥር ደበቁ? አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ። እዚህ ላይ እጄን ቆርጬ ብጥል ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።

ከዚያ ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ደስ አለኝ፤ ፋንክ ገባቸው አልኩ። የልጅ ልጄ ዞር ብላ አራት ጣቷን አሳየችኝ። «አራት ጊዜ ይድገሙት» ያለችኝ መስሎኝ ደገምኩት። አራቱን ጣት ደግማ፣ አሁን ወደ ፊቴ አስጠግታ አሳየችኝ። ደግሜ ደገምኩት፤ ትከሻም ጨመርኩበት። ከኋላ እልልታው ቀለጠ። ወንበሮች እየተገፉ ሰዎች ወደ መሐል ወጡ፤ አንዱ መሐረብ ያውለበልባል። የሚጨፍሩት እስክስታ ነበር። በፋንክ እስክስታ አይወረድም። ያን ጊዜ ነው የራሴን ጣቶች ዝቅ ብዬ ያየሁት።

ችክችካ ነበር የምመታው፤ የሰርግ ችክችካ። አራቱ ጣቷ «ወደ አራት ይመለሱ» ማለቷ ነበር፤ አራቱ ምት ሲረዝምብኝ ግን እጄ ሳይጠይቀኝ ወደ ችክችካው ስድስት ዞሯል። በሆቴሉ ባንድ ፋንክ የመታሁት አንድ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሰርግ ላይ ነው የቆየሁት፤ እጄ የሚያውቀውን ያውቃል። ልብስ ሰፊውም እኔን ተከትሎ አብሮኝ ዞሯል፤ ጊታሩም እንዲሁ። የልጅ ልጄ ብቻ በአራት ልትናገር እየሞከረች ቃሉ ምቱ ላይ ይሰባበርባታል።

እጄን ከቤዙ ጅማት አነሳሁ። ምንም አልተለወጠም። ጭብጨባው ያለእኔ ቀጠለ፤ ሕዝቡ ዘፈኑን ወስዶታል። የልጅ ልጄ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ የእናቷን ስም ጮኸች፤ ከተማውንም ጮኸች። አጠገቧ ቆሜ እንኳን ከእልልታው የለየሁት የከንፈሯን ቅርጽ ስለማውቀው ነው። ሕዝቡ ይደገም አለ።

ስንወጣ ልብስ ሰፊው ክንዴን ይዞኝ እየሄደ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አውፍ ይበሉኝ አባባ። ብሎኑ ላልቶ አያውቅም» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እጄ ወደ ችክችካ በዞረ ቁጥር ነበር ብሎኑ የሚላላው። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ በጣም ተቸግሮ «ለእርስዎ? እንዴት ብዬ?» አለ። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ በሕዝብ ፊት ቆሞ ብሎን ማጥበቅ አልሆነለትም፤ ሽማግሌን ብቻውን ጥሎ በአራት መሄድም ነውር መሰለው፤ ስለዚህ ተከተለኝ። ጊታሪስቱንም ጠየቅኩት። «እኔማ እሱ ይነግራቸዋል ብዬ» አለ። የልጅ ልጄን አልጠየቅኳትም። እሷም ይሉኝታ ይዟት እንደነበር ከፊቷ ይታያል። የእናቷን ነገር የወሰደው የእኔው ክብር ነበር። ማንም ባያከብረኝ ኖሮ ቃሏ ይሰማ ነበር።

ቪዲዮው ተሠራጨ። እንዲህ ያለ ስርጭት በሕልማችንም አላሰብነው። የልጅ ልጄ ከሥሩ የእናቷን ስምና ከተማዋን በጽሑፍ አስቀምጣ «ያያችኋት ንገሩኝ» ብላለች። ሰው ግን የሚያየው እኔን ነው፤ ጥቁር ኮት የለበሰ ሽማግሌ ትከሻውን ይሰብቃል። ለሁለት ሰርግ ጠሩን። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ወጣቶች ትከሻቸውን እየነቀነቁ ሰላም ይሉኛል፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በትከሻዬ መልሼላቸዋለሁ።

ትናንት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጣ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ስታነብ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቪዲዮውን አጥፊውና ያለእኔ እንደገና ሥሩት አልኳት። ያለእኔ አንዴ ሞክረውት እንደነበር፣ የልምምዱንም ቅጂ ለጥፋው ሃያ ሰው እንኳን እንዳላየው ነገረችኝ።

«ይሄንን ግን ሰው እያየው ነው አባባ። እንዴት አጠፋዋለሁ? ምናልባት ከሚያዩት አንዷ…»

ዓይኔ ስለማያነብልኝ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ሽማግሌው ቀወጡት።» «የእኛ ሰርግ ላይ እኚህ ይምጡ።» «ዕድሜ ይስጣቸው።» አንዱ በዓረብኛ የተጻፈ ነበር። ስልኩን ጨብጣ በሩጫ መኪና ግርግር ወረደች፤ ልብስ ሰፊው ቁርዓን የቀራ ነውና ያነብላታል። እኔ በረንዳው ላይ ጉልበቴን ይዤ ጠበቅኋት። ስትመለስ በእርምጃ ነበር የመጣችው።

«ምን ይላል?»

«ማሻአላህ፣ እኚህ አባት ሲያምሩ ይላል።»

ተቀመጠችና ካቋረጠችበት ወደ ታች ማንበቧን ቀጠለች።