ሞተሩ እስኪበርድ

ዘነበች ስትደውል ቢሻው ጋራዡን እንኳን ሳይዘጋ ወጣ። «ጋሼ፣ ቶሎ ድረስ። ስምህን እየጠራች ነው» ነበር ያለችው። ሚስቱ ተሾመች ጅማ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አስታማሚዋ እህቷ ዘነበች ናት። ትንሽ የተሻላት ሲመስል ቢሻው ትናንት ቅያሪ ልብሷን ሊያመጣ ወደ ቦንጋ ተመለሰ። ሌሊቱን ባሰባት።

መናኸሪያ ተራው የሙሌ ሚኒባስ ነበር። ሙሌ መኪናዋን በቅርቡ ነው የገዛት፤ እስከ ዛሬ በደጋው በሺሺንዳ መስመር ሲሠራ ቆይቶ ወደ ጅማ ሲጭን የመጀመሪያው ነው።

ቁልቁለቱን በደህና ወረዱ። የጎጀብን ወንዝ ተሻግረው በቆላው ሙቀት ዳገቱን ሲያጋምሱ ከመኪናዋ አፍንጫ እንፋሎት ተነሣ።

«ሙሌ፣ ሻይ እያፈላህልን ነው እንዴ?» አለች ከኋላ የተቀመጠችው ነጋዴ ወንጌላዊት። «ስኳሩ እኔ ጋ አለ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ቢሻው አልሳቀም።

«አጥፋው» አለ።

«ጋሽ ቢሻው፣ እዚያ ጥላው ጋ ላድርሳት…»

«ከላይ ያለው ቴስታታ በግለቱ ከተጣመመ ሞተሩ አበቃለት። አጥፋው አልኩህ!»

ሙሌ ጀሪካን ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሮጠ። ቢሻው እጁን ያዘው። የጋለ ራዲያተር ፊት እንደሚልጥ ለስንቱ ሾፌር ሲናገር ኖሯል። አሁን ግን የራሱ ጣት ወደ ክዳኑ ሄደ። መልሶ ሰበሰበው።

እስኪበርድ ድረስ ምርመራውን ያዘ። ቺንጋው አልተበጠሰም። ጎማ ቱቦዎቹ አያፈሱም። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አየ፤ ውሃ አልገባበትም። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን በጣቱ ገፋው፤ ዞረ። ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ሲያገናኝለት በኃይል ዞረ። እንግዲህ ፋኑ ጤነኛ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ነው የማይደርሰው።

ተሾመች «የመኪና ሕመም ከሩቅ ይሰማሃል፣ አጠገብህ የተኛሁት እኔ ግን አልሰማህም» ትለው ነበር። ለቀልድ ነበር የምትለው። ሆዷን ያማት ከጀመረ በኋላ ቀልዱን ተወችው።

ሽቦውን እየተከተለ ሄደ። ከመስመሩ ተቆርጦ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ወደ ሾፌሩ ቦታ ይገባል። መሪው ሥር ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች።

«ይቺስ?»

«እሷማ አትሠራም። ብጫናት ብጫናት የሚበራ ነገር የለም።»

ቢሻው ተጫናት። ፊት ለፊት ፋኑ መዞር ጀመረ።

«የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ የቀጠለው?» አለ ሙሌ።

«እኔ ነኝ።»

ሙሌ አንገቱን ደፋ። ቦንጋ ብርድና ዝናብ ነው። ሙቀት ሲጨምር ፋኑን የሚያስነሣው ሴንሰር ከተበላሸ፣ ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማንም መኪናውን አያቆምም። ቢሻው በእጅ የሚበራ ያደርገውና «ጎጀብ ስትወርድ አብራው» ብሎ ይሸኛል። ለዚህችም የቀድሞ ባለቤት ነግሮት ነበር። ሰውየው ሲሸጣት ለሙሌ አልነገረውም። ሙሌም አልጠየቀም።

ሞተሩ በረደ። ቢሻው ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተ፤ ውሃ ሞላ፤ አስነሣው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም፤ ቴስታታው አልተጎዳም። የሙቀት መለኪያው ቀስት መሐል ላይ ወጥቶ ቆመ። መኪናዋ ተርፋለች።

ተሳፋሪው ሲገባ ስልኩ ጮኸ። ዘነበች ናት። ብዙ አልተናገረችም፤ ለቅሶዋ ቀደማት።

«መቼ?» አለ።

«አሁን። በሩን በሩን እያየች…» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ይዘናት እንመጣለን፣ ጋሼ። አንተ እዚያው ቆየን። ድንኳኑን ማን ይተክላል? ለዘመድስ ማን ይነግራል?»

ዘነበች ገና ከቦንጋ ያልወጣ መስሏታል። እሱም መንገድ ላይ ነኝ አላላትም።

«እሺ» አለ።

«ጋሽ ቢሻው፣ ይግቡ እንጂ!» አለ ሙሌ መሪውን ይዞ። «ጅማ በጊዜ አደርስዎታለሁ።»

«ሂዱ እናንተ» አለ ቢሻው። «ዳገቱን እስክትጨርስ ፋኑን እንዳታጠፋው።»

መንገዱን ተሻገረና ወደ ቦንጋ ለሚመለስ መኪና እጁን ዘረጋ። የመጀመሪያው አይሱዙ ሳይቆም አለፈ።